የአባትህ ደረት

ሩሲንጋ ደሴት፣ እሑድ ኦክቶበር 6 ቀን 2019

ለልጄ ለሄዝሮን፣

እንደምን አለህ? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና የሚጠይቀው ለወጉ ነው፤ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ጉዳዩ ያልፋል። እኔ ዛሬ ለወጉ አይደለም የምጠይቅህ። ደረትህን ያምሃል ወይ? ደረጃ ስትወጣ ልብህ ከአቅሙ በላይ ይመታል ወይ? ሸክም ስታነሣ በሁለቱ ትከሻህ መሀል የሚወጋህ ነገር አለ ወይ? ለምን እንደምጠይቅህ እስክነግርህ ድረስ ታገሠኝ፤ ወረቀቱን አትቅደደው።

ይህን የምታደርስልህ የጎረቤታችን የሜሻክ ልጅ ፔሬስ ናት። ማክሰኞ አንተ ወዳለህበት ወደ ዶሃ ትበራለች፤ ሰው ቤት ልትሠራ። "ማማ ዶርሲላ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ? የሚስዮን ሴት መሰልሽኝ እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። ስልኬን እንደማታነሣ አልነገርኳትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትደውለው ለእኅትህ ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዓሣ እየገፈፍኩ ድምፅህን እሰማ ነበር። "እማ ሰላም ብላሃለች" ስትልህ ዝም ትላለህ፤ ቀጥለህ "ፈተናው እንዴት ነበር?" ትላታለህ። አልተቀየምኩህም። ድምፅህ ደኅና መሆኑን ከሰማሁ ለዚያ ሳምንት ይበቃኝ ነበር።

እኅትህ አዊኖ መሞቷን አጎትህ ዛዶክ ደውሎ ነግሮሃል። "ልቧ ቆመ" ብሎ ስልኩን እንደዘጋ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ነበርኩ። እንዴት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደደረሰብን፣ ነገሩ አንተንም እንዴት እንደሚነካህ ማንም አልነገረህም። እኔ ልንገርህ። ይህን እንድጽፍ ያዘዘችኝም እሷው ናት። "በስልክ አይሆንም እማ፤ ታለቅሺና ከልቅሶሽ ኋላ ትደበቂያለሽ። ጻፊለት" አለችኝ። እሷ እያለች መጻፍ ነበረብኝ። ነገ ነገ ስል ቀረ።

ትተሃት ስትሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በቁመት እኔን አለፈችኝ። በአሥራ አራት ዓመቷ መምህሮቿን አለፈቻቸው። በገበያ ስናልፍ ሴቶቹ "የጃሾን ልጅ፣ እዚያ ላይ ዝናብ አለ ወይ?" ይሏታል፤ እሷም ጎንበስ ብላ "ገና ነው፤ ሲመጣ አወርድላችኋለሁ" ትላቸዋለች። ደስ ይለኝ ነበር። እኛ ቁመት እንወዳለን፤ አባትህንም ያገባሁት በጀልባ ላይ ቆሞ ከሩቅ ሳየው ነው። ረጅም ጣት፣ ረጅም ክንድ፣ ቀጭን ወገብ፤ ይህ በሽታ ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ዓይኗ ግን አላማረኝም። መጽሐፍ ስታነብ አፍንጫዋ ገጹን ይነካል። አስተማሪዋ "አዊኖ፣ ታነቢዋለሽ ወይስ ታሸቺዋለሽ?" እያለ ክፍሉን ያስቅባት ነበር። ስለ ቁመቷ ኳስ እንድትጫወት መረጧት፤ ኳሷ ፊቷ ላይ ካላረፈች በቀር አታያትም። በሦስት ዓመት ሦስት መነጽር ለወጥንላት፤ እያንዳንዱ ለሁለት ወር ይሠራና ይደክማል።

ዛዶክ መጣና በሩ ላይ ቆሞ "ይህ ቺራ ነው። ወንድሟ በአባቱ ላይ እጁን አነሣ፤ እርግማኑ አባቱን ገደለ፤ አሁን ደግሞ ወደ ልጅቱ ዓይን ዞረ" አለ። ከኡዮማ ማዶ ካለ መድኃኒተኛ ሥር አስመጣ። እኔም ቀቅዬ አጠጣኋት። ጠዋትና ማታ፣ ለአንድ ዓመት። ያስታውካታል፤ አፏን ጠርጋ "እማ፣ ይሄ ቺራ የወንድሜ ከሆነ እሱን ለምን አልነካውም? በስልክ ሲስቅ እሰማዋለሁ እኮ" ትለኛለች። ትቀልዳለች፤ እኔ ግን ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። አንድ ዓመት ነው ያባከንኩባት ሄዝሮን። ዶክተሮቹ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" ሲሉ ያንን ዓመት ነበር የሚሉት፤ አላወቁም እንጂ።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ትምህርት ቤቷ ድረስ የመጡ የዓይን ሠራተኞች አይተው ወደ ኪሱሙ ላኩን። ያየቻት ዶክተር ሞራ የምትባል አጭር የኪሲ ሴት ናት። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ብርሃን እያበራች ሁለቱንም ዓይኗን ደጋግማ አየች። ከዚያ፦

"አዊኖ፣ ሰው ጠርቶሽ ፊትሽን በፍጥነት ስታዞሪ ነገሩ ሁሉ ይርገፈገፍብሻል?" አለቻት።

"ሁሉም ሰው እንደዚያ አይደለም እንዴ?" አለች ልጄ።

ዶክተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። "ማማ፣ በዓይን ውስጥ እንደ መስታወት ያለ ነገር አለ፤ ሌንስ እንለዋለን። ዙሪያውን በቀጫጭን ክር ታስሮ መሀል ላይ ይቀመጣል። የልጅሽ ክሮች ላልተዋል። መስታወቱ ወደ ላይ ሸሽቶ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ለዚህ ነው መነጽሩ የማይዘው።" ቀጥላ ከዓይን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያልገባኝን ነገር አደረገች። "አውራ ጣትሽን አጥፊና በመዳፍሽ ጨብጪው" አለቻት። ጨበጠችው፤ የአውራ ጣቷ ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል ብቅ ብሎ ወጣ። "አሁን በአንድ እጅሽ የሌላውን አንጓ ያዢ።" ያዘችው፤ አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ተሻግረው ተደራረቡ። አዊኖ ሳቀች። "ይሄማ ቤተሰባችን ሁሉ ይችላል። ወንድሜ ሄዝሮንም ይችላል" አለች።

ዶክተሯ አልሳቀችም። "ዓይንሽን እናክመዋለን፤ የሚከብደው ሌላው ነው። ቢላ ከማንሣቴ በፊት ልብሽን የሚያይ ሰው እፈልጋለሁ። ዛሬውኑ" አለችና እጇን ይዛ ራሷ ወደ ሌላኛው ሕንፃ ወሰደችን።

የልቡ ሐኪም ዶክተር ሲሚዩ ይባላል፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ደረቷ ላይ ቅባት ቀብቶ በስክሪን ላይ ልቧን አሳየን። እንደ ዓሣ ጉንጭ ይከፈታል ይዘጋል። ከዚያ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ አሳየን። "እዚህ ጋ አንድ ሁለት ጣት ያህል መሆን ነበረበት። የእሷ ግን ከሥሩ እንደ ሽንኩርት አብጧል" አለ። በሽታው ማርፋን ይባላል። ሰውነትን ከውስጥ አያይዞ የሚይዘው ማሰሪያ ሲወለዱ ጀምሮ የላላ ነው፤ አጥንቱ ይረዝማል፣ የዓይኑ ክር ይላላል፣ የትልቁ ቧንቧ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ሲሳሳ ኖሮ አንድ ቀን ይቀደዳል። በደም ነው የሚወረሰው አለ፤ ከእናት ወይ ከአባት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። እኔን ለካኝ፣ ጣቴን አየ፣ ቁመቴን አየ። "ከእርስዎ አይደለም" አለኝ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ጠየቀኝ፦

"አባቷ በሕይወት አሉ?"

"የሉም።"

"በስንት ዓመታቸው?"

"በሠላሳ ስምንት።"

"በምን?"

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቅኩት በአባትህ ቀብር ነው፤ ያን ቀን አንተም ነበርክ።

እስቲ ያንን ጠዋት እንደ እኔ ሆነህ እየው። አንተ የምታውቀው አባትህ "ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት በቃህ፤ ጀልባ ላይ ትወጣለህ" ሲልህ ነው። እምቢ አልክ። በጥፊ መታህ። አንተም በሁለት እጅህ ደረቱን ገፋኸው፤ ደቃቁን ዓሣ፣ ኦሜናን፣ በምናሰጣበት አልጋ ላይ ወደቀ። ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ የኀፍረት ሳቅ ሳቀ፣ ወደ ሐይቁ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ሬሳውን ይዘው መጡ። መረብ ሲጎትቱ "ጀርባዬ ተቀደደ!" ብሎ ጮኾ ተቀመጠ አሉ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አንተ የማታውቀው ይህ ነው። ከዚያ አራት ወር በፊት አባትህ ሳል ይዞት ክሊኒክ ሄዶ ነበር። የክሊኒኩ ሰው ደረቱን ሰምቶ ሰምቶ "ልብህ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ የሚመለስ የሚመስል ድምፅ አለ፤ ኪሱሙ ሂድ" አለው። አባትህ ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረም። "ዶርሲላ፣ አፍሽን ያዢ። ጀልባው የዛዶክ ነው፤ የታመመ ሰው ጀልባው ላይ አያስቀምጥም" አለኝ። ያዝኩ። ቀን በቀን መረቡ ይከብደው ጀመር፤ ሲመለስ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያልፍለት ይቆም ነበር። እና ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ሳምንት "ልጁ ከጎኔ ካልቆመ ዛዶክ ድካሜን ያውቅብኛል። አንድ ወቅት ብቻ። ከዚያ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ እኔ ራሴ ነኝ የምመልሰው" አለኝ። ትምህርትህን ጠልቶ አልነበረም። ፈርቶ ነበር። ለልጁ "ፈርቻለሁ" ማለት አቅቶት በጥፊ መታህ።

በቀብሩ ዛዶክ በሰው ፊት "የጃሾን ሚስት፣ ወንድሜ ታሞ ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ከአባትህ ሣጥን ማዶ ቆመህ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመትህ ነው። ታሞ ነበር ብል "እያወቅሽ ወደ ሐይቅ ላክሽው" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ቤቱም፣ እርሻውም፣ እኔም፣ እናንተም በወንድሞቹ እጅ ነበርን። "ደኅና ነበር" አልኩ። ዛዶክም "እንግዲያው የገፋው እጅ ነው" አለ። ያኔ ወደ እኔ ተመለከትክ፤ አንድ ነገር እንድናገር ስትጠብቅ ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

በማግስቱ ልብስህን ይዘህ ወጣህ።

ይህን ሁሉ ለዶክተር ሲሚዩ ተናገርኩ። ዘጠኝ ዓመት ያልወጣ ነገር ወጣ፤ አፌን መዝጋት አቃተኝ። መሀል ላይ ስደርስ ነው አዊኖ አጠገቤ እንዳለች ያስታወስኩት። ግን ጀምሬዋለሁና ጨረስኩት። "ልጄ የገፋው ነው የገደለው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ማማ፣ አልዋሽዎትም፤ በዚያ ሰዓት ምን እንደነበረ ያየ ሰው የለም" አለኝ። "ነገር ግን እንዲህ ያለ ቧንቧ በአንድ ጠዋት አይሳሳም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል። መረቡ ባይሆን ሳል ይቀድደው ነበር፤ ሳል ባይሆን ሳቅ። ደኅና ሰው ልጁ ቢገፋው ወድቆ ይነሣል፣ ማታ ራቱን ይበላል። ያ ልጅ አባቱን አልገደለም።"

ቃሉን እንዳለ ነው የጻፍኩልህ። ደግመህ አንብበው።

አዊኖ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። ኡጋሊውን ታገነፋለች፣ ታቀርብልኛለች፣ ሳህኑን ታነሣለች፤ ቃል የለም። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቷን ስሰጣት እጄን ይዛ "ሄዝሮን ከእኔ ጋር ሲያወራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ 'ሰው ምን ይላል?' ብሎ ይጠይቀኛል። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር" አለችኝ። ያኔ ነው "ጻፊለት" ያለችኝ።

ሕክምናው ተጀመረ። ልብን ቀስ የሚያደርግ ኪኒን በጠዋትና በማታ። ሩጫ የለም፣ ኳስ የለም፣ ውሃ መሸከም የለም፣ ጀሪካን ማንሣት የለም። እሷ የምትቀመጥበት፣ እኔ የምሸከምበት ጊዜ መጣ። "ንግሥት ሆንኩ እኮ" እያለች ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ታዝዘኛለች። ዶክተሮቹ ተመካክረው ዓይኗን በጥንቃቄ ቀድመው ሊሠሩላት፣ የልቧን ደግሞ ናይሮቢ ሊልኳት ወሰኑ። እዚያ ያበጠውን ቧንቧ ቆርጠው በጨርቅ ቧንቧ ይተኩታል። አዊኖ ይህን ስትሰማ "ጨርቅ? እንግዲያው ቀለሙን እኔ ልምረጥ፤ አበባ ያለበት ይሁንልኝ" አለች። ዶክተር ሲሚዩ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በሜይ ቀኝ ዓይኗን ሠሯት፤ በጁን ግራውን። የሸሸውን መስታወት አውጥተው ወፍራም መነጽር ሰጧት። መነጽሩን አድርጋ ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ቆመች። መንገድ ዳር አንድ ዛፍ ነበር። "እማ፣ ቅጠሎቹ ለየብቻ ናቸው!" አለችኝ። እስከዚያ ቀን ዛፍ ማለት አንድ አረንጓዴ ነገር ይመስላት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፊቴን አየችው። ብዙ አየችው። "ይሄ ሁሉ መስመር መቼ ተሰመረ?" አለች በቀስታ፤ በጣቷም ነካችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ወራት፣ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም አልልም፤ አይቻለሁ፤ እናንተ ሁለታችሁ ስትወለዱ። ግን ያንን ይመስል ነበር። የምፋንጋኖ ተራራ ላይ ቤቶች መኖራቸውን አየች። ከጀልባዎቹ ጎን ላይ የተጻፈውን ሁሉ እየዞረች አነበበች፤ "የአጎቴ የዛዶክ ጀልባ 'ጌታ እረኛዬ ነው' ይላል፤ ግን 'እረኛዬ' የሚለው ቃል ፊደል ጎድሎታል!" ብላ እስኪያማት ሳቀች። በአንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ አነበበች፤ ገጹን ከደረቷ አርቃ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ቆማ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ አያት። የናይሮቢው ቀጠሮ ለሴፕቴምበር ዘጠኝ ተሰጠን። ሹራብ ገዛሁላት፤ ናይሮቢ ይበርዳል ብለውኝ።

ኦገስት አሥራ አምስት፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ለውዝ ትፈለፍል ነበር። እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ኪኒኗን ጠዋት ወስዳለች፤ ራሴ ነኝ የሰጠኋት። አልሮጠችም። ምንም አላነሣችም። ማንም አላናደዳትም፤ እያፏጨች ነበር። በእጇ የነበረው ፍሬ ለውዝ ብቻ ነው። ፉጨቱ ቆመ። ዞር ስል እጇን ወደ ጀርባዋ አዙራ "እማ… እዚህ ጋ…" አለች።

ማንም አልገፋትም ሄዝሮን። ማንም። ለውዝ እየፈለፈለች ነበር።

የሜሻክን መኪና አስነሥተን ወደ ሆማ ቤይ ሆስፒታል ሮጥን። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፤ ከወገቧ በታች ያለው ረጅም እግሯ ከመቀመጫው ተርፎ በር ይገፋል። መነጽሯ ወልቆ ነበር፤ በእጇ ትፈልገው ጀመር። አጠለቅኩላት። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ምን እንዳየች አላውቅም። ከተማው ሳንደርስ ዓይኗ መንቀሳቀሱን አቆመ።

ዶክተር ሞራ ለቀብሩ ከኪሱሙ ድረስ መጣች። እኔን አቅፋ "ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶን ነበር" አለችኝና ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ያጽናናኋት እኔ ነኝ። በሰዓቱ የደረሱ ብዙ ናቸው አለችኝ፤ ተሠርተው፣ ሥራ ይዘው፣ ወልደው የሚኖሩ። ይህን የምነግርህ ስለሚጠቅምህ ነው።

በቀብሩ ዕለት ሰው እየተነሣ ስለ አዊኖ ተናገረ። ዛዶክ ተራውን ይዞ ሲነሣ ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ፤ "ቺራ" የሚለው ቃል ከአፉ ሳይወጣ ሄጄ ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰድኩት። ሴት በአማቾቿ ፊት እንዲህ አታደርግም። "የምነግራችሁ አለኝ" አልኩ። "ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ ቆማችሁ ጃሾን ታሞ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ። ታሞ ነበር። አውቅ ነበር። ይህችን ልጅ የወሰደው በሽታ ነው እሱንም የወሰደው፤ ከደሙ ነው የመጣባት። ሄዝሮን አባቱን አልገደለም። እርግማን የለበትም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ዛዶክ ወደ እኔ ዞሮ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? እኔን የሕፃን ስም እንዳጠፋ አድርገሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ተቀመጠ። አንዳንድ ሴቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አያነጋግሩኝም፤ ልክ ናቸው። ዛዶክ ግን ባለፈው ሳምንት መጥቶ ለእኔ ሰላምታ ሳይሰጥ ትተኸው የሄድከውን የአንተን ጎጆ ጣሪያ ሣር ለወጠው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዶክተር ሲሚዩ በእንግሊዝኛ የጻፈው ወረቀት አለ። ሳትውል ሳታድር ይዘኸው ሆስፒታል ሂድ። ልብህን በዚያ በሚያሳየው መሣሪያ እንዲያዩልህ፣ ቧንቧውን እንዲለኩልህ፣ ዓይንህንም እንዲያዩልህ ንገራቸው። አንተ መነጽር ያደረግኸው በዘጠኝ ዓመትህ ነው። ደረትህ መሀል ላይ ጎድጓዳ ነበረህ፤ ሕፃን ሆነህ ሳጥብህ ውሃ ይቋጥርበት ነበር፣ አባትህም እየሳቀ ጣቱን ይነክርበት ነበር። ያም ምልክቱ ነው አሉኝ። እስክትታይ ድረስ በምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ሣጥን አታንሣ። አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ። ቢያባርርህ ናልኝ። ቧንቧው ካልሰፋ ኪኒኑ ለብዙ ዓመት ይጠብቅሃል፤ ከሰፋም ሳይቀደድ ይሠራል። አባትህ ስሙን እንኳ ሳያውቀው ሞተ። እኅትህ አውቃው ቀኑ ቀደማት። አንተ አውቀኸዋል፤ ቀኑም አለህ።

ምናልባት ሳንቲሙ በሌላኛው ጎኑ ወድቆልህ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ብዬ እጸልያለሁ። አንተ ግን በጸሎቴ አትተማመን፤ ሂድና ተለካ።

አንድ ቃል ይቀረኛል። መጻፍ የነበረብኝ ከላይ፣ ከስምህ ቀጥሎ ነበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ ጀምሮ እሱን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀደድኩ። ስጽፈው ትንሽ ሆኖ ታየኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ከአባቱ ሣጥን ማዶ ብቻውን አቁሜ ዘጠኝ ዓመት ካስኬድኩት በኋላ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ምን ይሠራል? ፊትህን እያየሁ ልበለው። መሬት መሬቱን አላይም።

የአባቶችህ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅህ። ጥላ ይሁንህ፤ እዚያ ፀሐዩ ይከብዳል አሉኝ። ልብህን በእጁ ይያዝልህ።

እናትህ
ዶርሲላ